ስድስቱ ጎራዴዎችና የእናቴ ምጣድ

ሥዕሉ ከመዳፍ አይበልጥም። ግራጫ ሰማይ፣ ውሃ፣ አንዲት ታንኳ። ከኋላ አንድ ሰው ቆሞ በረጅም ዘንግ ታንኳዋን ይገፋል። መሃል ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ራሷን ተከናንባ ጎንበስ ብላለች። አጠገቧ ትንሽ ልጅ አለ። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ከሴትየዋ ፊት ለፊት፣ እዚያው ታንኳዋ ውስጥ፣ ስድስት ጎራዴዎች ቀጥ ብለው ተሰክተዋል።

ይህ የታሮት ካርታ ነው፤ ሰዎች እጣ ፈንታ ይነበብበታል ከሚሉት ባለ ሥዕል ካርታ አንዱ። መጀመሪያ ያየሁት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ለንደን፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አረጋውያኑ ሲተኙ፣ ግማሽ ሰዓት እረፍት አለን። አብራኝ የምትሠራው ሴት ጃማይካዊት ናት፤ ያኔ ወደ ስድሳ ዓመት ይጠጋታል። ሻይ ቀዳችልኝ። ከቦርሳዋ በሻርፕ የተጠቀለለ ካርታ አወጣች። በወዘችውና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "አንድ ሳቢ" አለችኝ።

እኔ ያደግኩት የጠንቋይ ስም ሲነሳ በሚያማትብ ቤት ነው። እጄን ሰበሰብኩ። "ስለ ወደፊቱ እንድትነግሪኝ አልፈልግም" አልኳት።

"እኔም አላውቀውም" አለች። "ሥዕል ነው። የምታዪውን ብቻ ንገሪኝ።"

ሳብኩ። ያቺ ታንኳ ወጣች።

"ሴትየዋ ማን ናት?" አለችኝ።

"እናቴ።"

አላሰብኩበትም። ከአፌ አመለጠኝ። ሴትየዋ የተከናነበችው ልብስ ለእኔ ነጠላ ነበር። ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል እንኳ አልታየኝም።

"ልጁስ?"

"እኔ ነኛ።"

"ፊት ለፊታቸው ያለውስ ምንድነው? ምን ጭነው ነው የሚሄዱት?"

ጎራዴዎቹን አየኋቸው። ቆጠርኳቸው። ከዚያ "ምጣድ" አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ በእንግሊዝኛ ቃሉ አልመጣልኝም። ምጣድ ምን እንደሆነ ላስረዳት ስሞክር እንባዬ መጣ።

አባቴ ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። 1986 ዓ.ም.፣ ደሴ። አርባው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን እናቴ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። አንድ ሻንጣ ነበራት፣ አንድ ፌስታል፣ እና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ክብ ነገር። የሸክላ ምጣዷ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያኔ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ያን ሁሉ መንገድ ምጣዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ተከናንባ ነበር። አላለቀሰችም። አልተናገረችም። ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ በላብ ሆንን። ጣርማ በር ዋሻ ስንገባ ጨለመና ክንዷን ያዝኳት። ስንወጣ ጉምና ብርድ ተቀበለን።

ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ስለዚያ ቀን አንድም ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም። ለባሌም አውርቼለት አላውቅም። ረስቼው ነው ማለት አልችልም፤ ምክንያቱም አንዲት ትንሽ ሥዕል ሳይ ምጣዱ ከነብርድ ልብሱ መጣ። የብርድ ልብሱ ቀለም ሳይቀር።

ባልደረባዬ በዚያ ሌሊት አንድም ነገር አልነገረችኝም። ይህን ደግሜ ልናገረው፤ የጽሑፌ ሐሳብ ሁሉ እዚህ ላይ ነውና። እጣ ፈንታሽ እንዲህ ነው አላለችም። ሦስት ጥያቄ ጠየቀች፤ እኔ መለስኩ። ካርታው አይናገርም። ያናግራል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ታሮት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የራሴም ካርታ አለኝ። "ይሠራል ወይ?" ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ይሠራል። ግን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተሳሳተ መንገድ ከተያዘ ሰው ይጎዳል።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ። ብዙ ሰው ታሮት የጥንት ግብፅ የምሥጢር መጽሐፍ ነው ይላል። ይህን ያስፋፋው አንትዋን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1781 ጻፈው። በዚያን ጊዜ የግብፅን የጥንት ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ሻምፖሊዮን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የፈታው በ1822 ነው። ታሮት የተወለደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ነው፤ የተወለደውም ለጨዋታ ነው። እኛ ኮንከር እንደምንጫወተው ሁሉ እነሱም በታሮት ይጫወቱ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ዛሬም ይጫወቱበታል። ለሚላን መሳፍንት በወርቅ ያጌጡ ካርታዎች ይሣሉላቸው ነበር፤ ከእነዚያ 35ቱ ዛሬ ኒው ዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ።

ግብፅ ግን በሌላ በር ትገባለች። የካርታ ጨዋታ ራሱ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የመጣውም ማምሉኮች የሚባሉ ገዢዎች ይገዟት ከነበረችው ግብፅ ነው። የማምሉኮች ካርታ አራት ምልክት ነበረው፦ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ እና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት ዱላ። አውሮፓውያን ያንን የፈረስ ጨዋታ ስላላወቁት ዱላውን ተራ በትር አደረጉት። ጽዋው፣ ሳንቲሙና ጎራዴው ግን እንዳለ ቀረ። ያቺ እናት ፊት ለፊት የተሰኩት ጎራዴዎች በካይሮ በኩል የመጡ ናቸው። ይህን ሳውቅ ካርታው ትንሽ የሩቅ ዘመድ ሆነብኝ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ታሮት 78 ካርታ አለው። 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ ሞኙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ጨረቃ፣ ሞት፣ ፀሐይ። 56ቱ ትንንሾቹ በአራቱ ምልክት የተከፈሉ ናቸው። በድሮዎቹ ካርታዎች ስድስት ጎራዴ ማለት ስድስት ጎራዴ ብቻ ነበር። ሰው የለበትም፤ ታንኳ የለበትም። ጣሊያን ውስጥ ሶላ ቡስካ የሚባል አንድ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ ነበር፣ ትንንሾቹንም በሰው ሥዕል የሞላ። እሱ ግን ለብዙ ዘመን ተከታይ አላገኘም።

ይህን የቀየረችው አንዲት ሴት ናት። ባልደረባዬ ስለ እሷ ስታወራ ፊቷ ይበራል። "እኛ ጋ ያደገች ናት" ትላለች። እውነቷን ነው። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1878 ለንደን ተወለደች፤ የልጅነቷን የተወሰነ ክፍል ያሳለፈችው ጃማይካ ነው። እዚያ የሰማችውን የአናንሲን ተረት፣ ያን ተንኮለኛ ሸረሪት፣ በ1899 መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። ለንደን ውስጥም ተረቱን በጃማይካ ንግግር ለታዳሚ ትተርት ነበር። በ1909 አርተር ኤድዋርድ ዌይት የተባለ ሰው የታሮት ካርታ እንድትሥልለት ጠየቃት። በጥቂት ወራት ጨረሰችው። ለወዳጇ፣ ለፎቶግራፍ አንሺው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ፣ በዚያው ዓመት በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ሥራው ትልቅ፣ ክፍያው ግን በጣም ትንሽ እንደሆነ ነግራዋለች። ካርታው በአሳታሚው በራይደርና በዌይት ስም ታወቀ። እሷ በ1951 ኮርንዎል ውስጥ ስትሞት ድሃ ነበረች። አሁን አሁን ስሟን ከካርታው ጋር መጥራት እየተለመደ ነው። ደስ ይለኛል። ዘግይቷል፣ ግን ደስ ይለኛል።

ተረት የምትተርት ሴት ስለነበረች ይመስለኛል ሥዕሎቿ እንዲህ የሆኑት። እያንዳንዱ ካርታ የአንድ ተረት መካከል ነው። መጀመሪያው የለም፤ መጨረሻውም የለም። ታንኳዋ ከየት ተነሳች? የት ትደርሳለች? አይታወቅም። ያንን ክፍት ቦታ የሚሞላው ሰው የራሱን ነገር አምጥቶ ነው። ሌላ የሚያመጣው ስለሌለው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኸርማን ሮርሻክ በ1921 አሥር የቀለም ጠብታ ሥዕሎች አሳተመ፤ ታካሚው የሚታየውን እንዲናገር። በ1935 ደግሞ ሃርቫርድ ውስጥ ክርስቲያና ሞርጋንና ሄንሪ መሪ ሌላ ፈተና ይዘው መጡ። ለሰውየው ግልጽ ያልሆነ ሥዕል ያሳዩታል። ምን እየሆነ ነው? ከዚህ በፊት ምን ሆነ? ሰዎቹ ምን ይሰማቸዋል? በመጨረሻስ ምን ይሆናል? ታሪክ እንዲፈጥር ይጠይቁታል። እሱ ስለ ሥዕሉ ያወራል፤ እግረ መንገዱን ስለ ራሱ ያወራል። ያቺ ጃማይካዊት ሃርቫርድን አታውቀውም። ጥያቄዋ ግን አንድ ነው።

እኛም እናውቀዋለን፣ በሌላ ስም። "ሕልም እንደ ፈቺው ነው" ይባላል። ይህን አባባል ስሰማ ያደግኩት ፈቺውን ተጠንቅቀሽ ምረጪ በሚለው ትርጉሙ ነው። አሁን ሌላም ነገር ይታየኛል። ሕልም ራሱ ከሆዳችን የወጣ ሥዕል ነው። ካርታ ደግሞ ከሰው እጅ የተሰጠን ሕልም ነው። እኔ ራሴ ፈቺው ከሆንኩ፣ ፍቺው የኔን ቤት ሽታ ይዞ ይወጣል።

ግን ለምን ካርታ? ዝም ብሎ መጠየቅ አይቻልም ወይ?

እስቲ ሞክሩት። አንድን ኢትዮጵያዊ "እንዴት ነህ?" በሉት። "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ቤተሰብስ? "ደህና ናቸው።" ሥራስ? "ምንም አይል።" እኔ ለእናቴ በየእሑዱ እደውላለሁ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ዘጠኝ ዓመት በየእሑዱ ደውያለሁ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ፣ መድኃኒቱን ወሰድሽ፣ መብራት አለ፣ ጎረቤቶች ደህና ናቸው። ፍቅር አለበት፤ ውሸት የለበትም። ግን ሁሉም ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው። መልሱ ከልብ ሳይደርስ ከአፍ ይመለሳል።

"ታንኳዋ ውስጥ ምን ጭነዋል?" ለሚለው ጥያቄ ግን ማንም የተዘጋጀ መልስ የለውም። ካርታው በእጣ ስለሚወጣ የት እንደሚመታሽ አታውቂም። ራሳችንን ስንጠይቅ የምንጠይቀው የለመድነውን ነው። የማታለቅሽበትን በር ታንኳኪያለሽ። እጣው በማታውቂው በር ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ሆኜ እናቴና ጎረቤቶቿ ትልቁን ወሬ የሚያወሩት መቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። ምስር ሲለቅሙ። ሰፌዱ መሃላቸው ነው፤ ዓይናቸው ምስሩ ላይ ነው፤ ጣታቸው ጠጠር ይፈልጋል። ማንም ማንንም ፊት ለፊት አያይም። በዚያ መሃል አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባሏ የመታት ቀን ምን እንደሆነ ትናገራለች። ሌላዋ "እህ" ትላለች፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ። ዓይን ለዓይን ተያይቶ የማይነገር ነገር ሰፌድ ላይ ይነገራል። ያቺ ካርታ ጠረጴዛው ላይ በባልደረባዬና በእኔ መካከል እንደ ሰፌድ ተቀምጣ ነበር። ሁለታችንም እሷን ነው የምናየው። ስለ እናቴ ሳወራ ስለ ታንኳዋ የማወራ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ተማሪዎቹን አንድ የባሕርይ ፈተና ፈተናቸው። ከቀናት በኋላ ለእያንዳንዳቸው "ይህ የአንተ ውጤት ነው" ብሎ ሰጣቸው። ምን ያህል ትክክል ነው? ከ5 ነጥብ ስጡ አላቸው። 39 ተማሪዎች ነበሩ፤ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ሁሉም የተሰጣቸው ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር። አብዛኛውን የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ሰዎች እንዲወዱህ ትፈልጋለህ፤ ከውጭ ጠንካራ ትመስላለህ፣ ከውስጥ ግን ትጨነቃለህ። ለማን የማይሆን ነገር አለ እዚህ ውስጥ?

ይህን ያነበብኩ ቀን ካርታዬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለሳምንታት አላወጣሁትም። ያ ሌሊት ማታለያ ከሆነስ ብዬ ተጨነቅኩ። ቆይቶ ነው ልዩነቱ የገባኝ። ፎረር ለተማሪዎቹ ነገራቸው። እነሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን የተነገረኝ ነገር የለም። "ምጣድ" የሚለው ቃል ከማንም መጽሐፍ አልወጣም። ለንደን ውስጥ በዚያ ሌሊት ያን ቃል የሚያውቅ ሰው ያለ እኔ ስንት ይገኛል?

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ካርታ አንባቢዋ ብዙ ካወራች፣ ተነስታችሁ ሂዱ። ብዙ ከጠየቀች፣ ተቀመጡ።

ይህን በቀላሉ አልልም። አክስቴ አንድ ጊዜ ጠንቋይ ቤት ሄዳ ነበር። ልጇ ሥራ አጥቶባት፣ ጨንቋት ነው የሄደችው። ሰውየው "መተት የሠራብሽ ሰው በጣም ቅርብሽ ነው፤ ቀይ ሴት ናት" አላት። ቀይና ቅርብ። አክስቴ አሰበች፣ አሰበች፣ የባሏ እህት ላይ አረፈች። አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሴቶች ናቸው። ለስምንት ዓመት አልተነጋገሩም። የባሏ እህት ስትሞት አክስቴ ለቅሶ ደርሳ በር ላይ ቆማ መግባት አቃታት። ስም ሳይጠራ፣ ማስረጃ ሳያቀርብ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ነው ይህን ያደረገው። ለንደንም ያው ነው፤ "እርግማን አለብሽ፣ ለማንሣት ይህን ያህል ትከፍያለሽ" የሚሉ አሉ። የካርታው ውበት አያታላችሁ። ጨንቆት የመጣ ሰው የሚነገረውን ሁሉ ይቀበላል፤ ስለዚህ ለተጨነቀ ሰው መልስ መስጠት ከባድ ኃላፊነት ነው።

የሃይማኖቱንም ነገር አልዘለውም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጥንቆላን ይከለክላል፤ በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፣ ዛሬም አምንበታለሁ። ካርታውን ስለ ነገ ጠይቄው አላውቅም፤ አልጠይቀውምም። ነገ የእግዚአብሔር ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ትናንትና ስለ ዛሬ ነው፤ የምጠይቀውም ራሴን ነው። ቢሆንም ካርታውን መንካትም አይገባም የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አከብረዋለሁ። እሱ ምስሩን ይልቀም፣ ጸሎቱን ይጸልይ፣ ማስታወሻ ይጻፍ። መንገዱ ብዙ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በመጣው እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ጉልበቷን ጠየቅኳት። መድኃኒቱን ጠየቅኳት። ከዚያ "እማዬ፣ ያን ምጣድ ለምንድነው ከደሴ ድረስ ተሸክመሽው የመጣሽው?" አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ምን አስታወሰሽ ዛሬ?" አለች።

"እንዲያው። አዲስ አበባ ምጣድ ጠፍቶ ነው እንዴ?"

"ሞልቶ! ግን ያልተሟሸ ምጣድ ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ፣ ጥያቄው እንዳስገረማት። "አዲስ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፣ ይቆራርጠዋል። እስኪሟሽ ድረስ ስንት ቀን ይፈጃል! እኔ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን እንጀራ መሸጥ ነበረብኝ። እርሾውንም በጠርሙስ ይዤ ነበር እኮ። ፌስታሏ ውስጥ።"

ፌስታሏ። ያቺን ፌስታል አስታውሳታለሁ። ደጋግማ በእጇ ትዳብሳት ነበር፤ ምን እንዳለባት አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። የአባቴ ዘመዶች ቤቱን እንድትለቅ እንዴት እንደጠየቋት ነገረችኝ። ሽማግሌ ልካ እንደነበር፣ ክስ መመሥረት እንደምትችል የነገራት ሰው እንደነበር። "ለምን አልከሰስሽም?" አልኳት።

"ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባል የለም እንዴ?" አለች። "ክስ ውስጥ ብገባ አንቺ መሃል ላይ ትሰበሪብኛለሽ። እኔ ምጣዴን ይዤ ወጣሁ። አይጧን ለነሱ ተውኩላቸው።"

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ ያን ጠዋት ተሸንፋ የሸሸች ይመስለኝ ነበር። ዝምታዋን የሽንፈት ዝምታ አድርጌ ነው የያዝኩት። እኔም ከሀገር ስወጣ ራሴን በዚያ ዓይን ነው ያየሁት፤ እንደ ሸሸች ሴት። ለካ እሷ ቀን እየቆጠረች ነበር። ሊጡ መቼ እንደሚቦካ፣ የመጀመሪያው እንጀራ መቼ እንደሚሸጥ። ያ ዝምታ ሒሳብ ነበር።

ካርታዋን እንደገና አወጣኋት። ስለ ጎራዴዎቹ ሰዎች የሚሉትን አንብቤ ነበር፤ ያለፈ ሐዘን ነው፣ ቁስል ነው፣ ሰው ቁስሉን ይዞ ይሻገራል ይላሉ። ለእኔ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሆነው አያውቁም። ለእኔ ዕቃ ናቸው። በጥንቃቄ የተጫኑ፣ ለሦስተኛው ቀን የሚያስፈልጉ ዕቃዎች። ውሃውንም አየሁት። ከታንኳዋ በስተቀኝ ያለው ይናወጣል፤ በስተግራ ያለው ረግቷል። ሸዋ ሮቢትና ጣርማ በር።

ከዚያ ወዲህ ካርታውን ለጥቂት ጓደኞቼ አውጥቻለሁ። ገንዘብ አልቀበልም። አንድ ካርታ ብቻ ነው የምናወጣው። ማን አለበት? ከዚህ በፊት ምን ሆነ? ማን የለም? እያልኩ እጠይቃለሁ፤ የሚሉትን እጽፍላቸዋለሁ፤ ወረቀቱን ይዘውት ይሄዳሉ። ለአንዷ አምስት ሳንቲም የሚባለው ካርታ ወጣላት። በረዶ ላይ ሁለት ድሆች ይሄዳሉ፤ አንዱ በክራንች ነው። ከበላያቸው በባለ ቀለም መስታወት የተሠራ የቤተ ክርስቲያን መስኮት በርቷል። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ አየችውና "በሩ የታለ?" አለች። እኔ ያን ካርታ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በር እንደሌለው አላስተዋልኩም ነበር። በእርግጥም የለውም። እሷ ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ሁለት ዓመት ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄደች ያኔ ነው የሰማሁት። ሰዎች እንዳያዩኝ ነው አለች። ምን እንዳደረገች የእሷ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይወጣም። ሰው ያያል፣ "ቆንጆ ሥዕል ነው" ይላል፣ ሻያችንን እንጠጣለን። ያም ደህና ነው። ቆፍሮ ማውጣት የኔ ሥራ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። በማዕዶት ቡና ተፈልቶ፣ እናቴና እኔ ብቻችንን ቀርተን፣ ስልኬ ላይ ያለውን የታንኳዋን ሥዕል አሳየኋት። ካርታ መሆኑን ነገርኳት። ለመደበቅ አልፈለግኩም።

"ጠንቋይ ቤት ገባሽ እንዴ?" አለች፣ ስልኩን ወደ እኔ እየገፋች።

"አልገባሁም እማዬ። ሥዕል ነው። አንቺን መስላኝ ነው።"

መነጽሬን አምጪልኝ አለች። አመጣሁላት። ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ እያደረገች አየችው። ለሴትየዋ አዘነች። "ልጁን ብርድ ይመታዋል፣ ለምን ከነጠላዋ አታካፍለውም?" አለች። ጎራዴዎቹን ብዙም አላየቻቸውም። ጣቷን ታንኳዋ ኋላ ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ሰውዬስ ማነው?"

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድም ጊዜ ጠይቄው አላውቅም። አላውቅም አልኳት።

"ሾፌሩ ነዋ" አለች።

"የቱ ሾፌር?"

"የደሴው። ረዳቱ ምጣዱን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ተቆጣኝ። አልሰጥም ብዬ ታገልኩት። ሾፌሩ ከመሪው ወርዶ መጣ። ያወርደኛል ብዬ ነበር። ነጠላዬን አየና 'ማን ሞተብሽ?' አለኝ። ነገርኩት። ከጀርባው ያለችውን ቦታ አስለቅቆ አስቀመጠን። ላንቺ ሒሳብ አልተቀበለኝም። ጉድጓድ ሲያይ ቀስ ይላል። ጣርማ በርን ስንወጣ በመስታወቱ አየኝና 'እህቴ፣ ምጣዱ ደህና ነው?' አለኝ።"

ስልኩን መለሰችልኝ። ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳበች።

"ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም" አለች።